ስለ ጨጓራ ነቀርሳ ኦፕራሲዮንና ስለ ተባባሪው መድኃኒት

የጨጓራ ነቀርሳ የያዘው ሰው ኦፕራሲዮን ለመሆን ተዘጋጅቶ ሳለ፥ ሐኪሙ አስቀድሞ ሁለት ወር ያህል ኬሞቴራፒ የሚባለውን መድኃኒት እንዲወስድ ቢያዘው፥ ዘመዶቹ «ሕመሙ በሆዱ ሳለ ቀኑ ለምን ይባክናል?» ብለው ይጨነቃሉ። ጥያቄያቸው የሚገባ ነው፤ መልሱም የተገኘው በብዙ ሕሙማን ድካም ነው።

የታመመውን የጨጓራ ክፍል ቈርጦ አውጥቶ የቀረውን ከአንጀት ጋር በመስፋት መጀመሪያ የተሳካለት የቪዬናው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሮት ነው። ይህም በ1881 ዓ.ም. በጥር ወር ሆነ፤ ዓመቱንና ከዚህ በታች ያሉትንም በፈረንጆች አቈጣጠር ጽፈናቸዋል። የሴቲቱ ቍስል ዳነ፥ ምግብም በላች፤ ነገር ግን ነቀርሳው ሌላ ቦታ ተዘርቶ ኖሮ አራት ወር ያህል ቈይታ ዐረፈች። ዓይን ያላየውን ምላጭ ሊቈርጠው እንዳይችል ያን ጊዜውኑ ታወቀ።

ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች በጨጓራው ዙሪያ ያሉትን ዕጢዎች ጭምር ጠርገው ማውጣት ጀመሩ። ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በሆላንድ አገር ሰፊውና ጠባቡ ኦፕራሲዮን ተመዛዝነው ውጤቱ በ1995 ሲታተም፥ ሰፊው ከተደረገላቸው ከመቶው 10፥ ጠባቡ ከተደረገላቸው ከመቶው 4 በኦፕራሲዮኑ ምክንያት ሞተው ተገኙ። ዛሬ በሥራው የሠለጠኑት ሐኪሞች ጣፊያንና ቆሽትን ሳይነኩ ሰፊውን ይሠሩታል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ስፌቱ ሳይገጥም የቀረ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ምግብና ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃ ፈስሶ መግል ይይዛል፤ ሕመምተኛው ያተኵሰዋል፥ ልቡም ይፈጥናል። የደም መፍሰስና የሳንባ ምችም አሉ። በዚህ ሁሉ ተይዞ በአልጋ ሲቈይ፥ በኋላ ሊወስደው የታሰበው መድኃኒት ጊዜው ያልፍበታል።

በእንግሊዝ ሐኪሞች መሪነት በ503 ሕሙማን ተደርጎ በ2006 በታተመው ምርመራ፥ ኦፕራሲዮን ብቻ ከተደረገላቸው ከመቶው 23፥ መድኃኒቱ በፊትም በኋላም ከታዘዘላቸው ግን ከመቶው 36 ያህሉ አምስት ዓመት ኖረዋል። መድኃኒቱን ማስቀደም የኦፕራሲዮኑን ችግር አላበዛውም። ይሁን እንጂ ስድስቱን ዙር የፈጸሙት ከመቶው 42 ያህል ብቻ ናቸው። በጀርመን አገር በ716 ሕሙማን ተፈትኖ በ2019 የታተመው ፍሎት የተባለው ሥርዓት ከቀድሞው በለጠ፤ በየሁለት ሳምንቱ አራት ዙር በፊት፥ አራት ዙር በኋላ ይሰጣል። በዚያም ስምንቱን የፈጸሙት ከእኩሌታው ያነሱ ናቸው። እንግዲህ በፊት የተሰጠው መድኃኒት የኦፕራሲዮኑ መከራ ሊነጥቀው የማይችል ትርፍ ነው። እርግጥ ጨጓራው ደም እየፈሰሰው ያልቆመለት፥ ወይም መተላለፊያው ፈጽሞ የተዘጋበት ሰው መጠበቅ የማይችልበት ጊዜ አለ።

ካህናት አንባቢዎቻችን ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። ጨጓራው የወጣለት ሰው ምግቡን ጥቂት ጥቂት እያለ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል መብላት አለበት፤ ጨጓራው በሙሉ ከወጣም ቢ12 የተባለውን ቪታሚን ዕድሜውን ሙሉ በመርፌ ይቀበላል። ፍትሐ ነገሥት ለሕመምተኛ ጾምን ያቀልለታል፤ ነገር ግን ከነፍስ አባቱ አፍ ሳይሰማ የማይበላ ብዙ ነው፥ ፈቃዱም ከኦፕራሲዮኑ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ለመሥሪያ ቤት አለቆችም የምንለው አለ። መድኃኒቱ፥ ኦፕራሲዮኑና ማገገሚያው ተደምረው ስድስት ወር ያህል ይፈጃሉ። የሁለት ወር ፈቃድ ብቻ የተሰጠው ጸሐፊ ፈቃዱ የሚያልቅበት ገና ምላጩ ሳይነካው ነው።