እሁድ ማታ ሞተር እንዴት ይፈተሻል?

(ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 8ኛ ክፍል)

ለዛሬ ስለ ሞተር ሳይክል ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። «ሴት ልጅ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች?» የሚሉ ወንዶች ከክፍላችን እንደማይጠፉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ እንነጋገራለን።

ነገሩ የጀመረው ታላቅ ወንድሜ በስልኩ ካሳየኝ ቪዲዮ ነው። በውጭ አገር ሰዎች ሥራ የሚሄዱበትን ተራ ሞተራቸውን ይዘው፣ ገንዘብ ከፍለው፣ ለአንድ ቀን የእሽቅድድም ሜዳ ይገባሉ። ውድድር አይደለም፤ ሽልማትም የለውም። ታጥሮ በተሠራ ጠመዝማዛ አስፋልት ላይ እንደ ልባቸው ነድተው ማታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ግን ከመግባታቸው በፊት ሞተሩ ይፈተሻል። ያላለፈ በር ላይ ይቀራል።

እኔን የገረመኝ ዝግጅቱ ነው። ስፖኪዮውን ይፈታሉ። የፊት መብራቱን በፕላስተር ይሸፍናሉ። የጎማውን አየር ትንሽ ያስተነፍሳሉ። የሞተር ዘይት መክደኛ ብሎኑን ደግሞ በቀጭን ሽቦ ያስሩታል። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ሞተሩን እያበላሹት ነው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝና አንድ በአንድ አስረዳኝ። መብራቱ የሚሸፈነው ሞተሩ ቢወድቅ ስብርባሪው መንገዱ ላይ ተበትኖ የሌላውን ጎማ እንዳይቀድ ነው። ስፖኪዮ የማያስፈልገው ደግሞ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድና ኋላውን ሳይሆን ፊቱን ብቻ እንዲያይ ስለሚፈለግ ነው። አየሩ የሚቀነሰው ጎማ በፍጥነት ሲሽከረከር ስለሚግል፣ ሲግል ደግሞ ውስጡ ያለው አየር ግፊቱ ስለሚጨምር ነው። ይሄንን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተምረነዋል፤ አየር ሲሞቅ ይለጠጣል። ብሎኑ በሽቦ የሚታሰረውስ? ሞተር ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጥ ብሎን ያላላል። ዘይት ከፈሰሰ ደግሞ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ይንሸራተታል። ውሃ የሚጨመርባቸው ሞተሮች ካሉም እንዳይቀዘቅዝ የሚጨመርበት ፈሳሽ ወጥቶ ንጹህ ውሃ ብቻ ይሞላል፤ ምክንያቱም ያ ፈሳሽ አስፋልት ላይ ሲፈስ በጣም ያዳልጣል። የወንድሜ ቦክሰር ውሃ የለውም። በንፋስ ነው የሚቀዘቅዘው። ሞተሩ ዙሪያ የተደረደሩት ስስ ብረቶች ለዚያ ናቸው፤ ስለዚህ ጭቃ ከሞላባቸው መጠረግ አለባቸው።

እንግዲህ የእኛ ሜዳ የሰኞው የባቲ መንገድ ነው። እናቴ ባቲ ገበያ ሽርጥና ሻሽ ትሸጣለች። እሷ በሚኒባስ ትሄዳለች፤ ወንድሜ ቦንዳውን በሞተር ይዞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከከሚሴ ይነሳል። ባቲ ሲደርስ ገበያተኛ ያመላልስበታል። ሁላችሁም እንደምታውቁት ባቲ የዞናችን ከተማ ናት፤ መንገዱ ግን ከዞናችን ወጥቶ በሃርቡና በኮምቦልቻ ዞሮ ነው የሚገባው። በድምሩ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከከሚሴ ኮምቦልቻ ሲሄዱ ከቆላው ወደ ላይ መውጣት ነው፤ ሲመለሱ ደግሞ ቁልቁለት። በበጋ ጨፋ ላይ ከብትና ግመል ይበዛል፤ ከአፋር ድረስ ሳርና የቦርከናን ውሃ ፈልገው የሚመጡ ናቸው። ግመል ክላክስ ሲነፋበት እንደ ሰው ዘወር አይልም፤ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ያያችኋል።

ስለዚህ የእኛ ዝግጅት ከነዚያ ሰዎች ተቃራኒ ነው። እኛ መብራቱን አንሸፍንም፤ እናጥበዋለን። ስፖኪዮ ካልጠበቀ ሲሲታራክ ይያዛል፤ ማየት ያለባችሁ ከኋላ ያለውን ነው። አየርም አንቀንስም። ወንድሜ ብቻውን ሲሄድ ለኋላው ጎማ 28 ያስሞላል፤ ቦንዳ ሲጭን 32። ፊተኛው ሁልጊዜ 25 ነው። አየር የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው። ነድቶ መጥቶ ወዲያው የሚለካ ሰው በሙቀት ያበጠውን ቁጥር ነው የሚያነበው። በጭነት ላይ አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፤ የውስጡም ጎማ ይፈነዳል። ጎማውን እያሽከረከርኩ ሚስማርና እሾህ የምፈልገው እኔ ነኝ። ባትሪ ይዤ፣ ቀስ እያልኩ፣ ጥርሱን በጣቴ እየዳሰስኩ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሞተር መሬቱን የሚነካው በሁለት መዳፍ በማይሞላ ቦታ ነው። እናቴ፣ ቦንዳው፣ ወንድሜ፣ ሁሉም ነገር የቆመው በዚያች ላይ ነው።

ከጎማ ቀጥሎ ሰንሰለት ነው። ጋራዥ ውስጥ ቼን ይሉታል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆይታ አደርጋለሁ፤ ምክንያት አለኝ። ሰንሰለት በጣም መጥበቅም በጣም መላላትም የለበትም። መሃሉን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፉት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር መወዛወዝ አለበት። (ጓደኛዬ የሳለችውን ሥዕል ተመልከቱ። ማስመሪያው የኔ ነው።) ከጠበቀ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሰንሰለቱ ይወጠርና ይበጠሳል። ከላላ ደግሞ ከጥርሱ ይዘላል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለክታችሁ አትተዉት። ጎማውን እያዞራችሁ ሦስት አራት ቦታ ለኩ፤ ምክንያቱም ሰንሰለት ሲያረጅ እኩል አይረዝምም። ከዚያ በብሩሽ አቧራውን መጥረግ፣ ዘይት መቀባት። ዘይቱ ከአቧራው በፊት ከተቀባ አቧራውን እንደ አሸዋ ወረቀት ያደርገዋል፤ ጥርሱን ይበላዋል።

ምክንያቴ ይሄ ነው። ባለፈው ዓመት ወንድሜ ሰንሰለቱ እንደላላ እያወቀ «ነገ፣ ነገ» እያለ ሦስት ሳምንት ነዳው። ከባቲ ሲመለስ፣ ሃርቡ ከመድረሱ በፊት ያለው ቁልቁለት ላይ ሰንሰለቱ ወጣና የኋላውን ጎማ ጠርቅሞ ያዘው። ሞተሩ በጎኑ ተንሸራተተ። የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ሁለት ወር እጁን አንጠልጥሎ ተቀመጠ፤ እናቴም ሁለት ወር ባቲ ሳትሄድ ቀረች። ያኔ ነው የፍተሻው ደብተር የተገዛው። ጻፊዋ እኔ ሆንኩ፤ በቤታችን ውስጥ የእጅ ጽሑፌ የሚነበብ እኔ ብቻ ነኛ!

ወደ ፍሬን ልለፍ። የወንድሜ ሞተር ፊትም ኋላም ያለው ታምቡር ፍሬን ነው። ውስጡ ሸራ የሚባል ነገር አለ፤ ፍሬን ሲያዝ ተከፍቶ ታምቡሩን ይፈትጋል፤ በሰበቃ ጎማው ይቆማል። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፔዳሉ ወደ ታች እየራቀ ይመጣል፤ ያኔ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችውን ዳዶ በማጥበቅ ይስተካከላል። አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ጎማውን በእጅ አዙሩት። ሳይነካካ በነፃነት ካልዞረ ከልክ በላይ ጠብቋል ማለት ነው፤ ሲነዳ ይግላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ መውረድም እንደዚያው ነው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል። ለዚህ ነው ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ጉልበት መውረድ የሚያስፈልገው። ብዙ ሰው የፊት ፍሬን ይፈራል፤ «ይገለብጣል» ይላል። ግን ፍሬን ስንይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ቀስ ተብሎ ከኋላው ጋር ይያዛል እንጂ አይተውም። ሌላም አለ፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። በ40 የሚቆም ሰው በ80 ሲሄድ ግመሉ ጋ ይደርሳል።

ዘይት፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ በአምስት ደቂቃ ያልቃሉ። ዘይት ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የሚታየው፤ በጎን ማቆሚያው ዘምሞ ከታየ ይዋሻል። የጭነቱ ነገር ግን አይዘለልም። ቦንዳው ወደ ኋላ ከተንጠለጠለ የፊቱ ጎማ ይቀልና መሪው ይዋልላል። ስለዚህ በተቻለ መጠን ወደ ነጂው ተጠግቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ይታሰራል። ትርፉ ላስቲክ ከተንጠለጠለ ጎማ ውስጥ ይገባል። ሄልሜት ላይ ወንድሜ ድሮ ይሟገት ነበር፤ ከወደቀ ወዲህ አይሟገትም።

አሁን ወደ ኅዳር ወር ልውሰዳችሁ። እሁድ ማታ ነው፤ መግሪብ ተሰግዶ አልቋል። ባትሪ ይዤ ከፔዳሉ ስር ስፈልግ፣ የፍሬኑ ዘንግ ከፔዳሉ እንዳይወልቅ የምትይዘው ሹካ የምትመስል ትንሽ ሽቦ የለችም። ዘንጉ በራሱ ቀዳዳ ውስጥ ተንጠልጥሎ ነው ያለው።

«ጋሼ፣ ይቺ የለችም» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየ። «አብሽሪ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ እገዛለሁ።»

«እስከ ኮምቦልቻስ?»

«እስከ ኮምቦልቻ ዳገት ነው። ዳገት ላይ ምን ፍሬን ያስፈልጋል?»

«ጨፋ ላይ ከብቱስ?»

ዝም አለ። ከዚያ ተቆጣ። «አንቺ ልጅ፣ ባትሪ ያዢ ተባልሽ እንጂ ፍረጂ ተባልሽ?» አለኝ። ወላሂ አለቀስኩ። እናቴ ቦንዳውን እያሰረች ነበርና ድምፃችንን ሰምታ መጣች። እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ደብተሩን ብቻ ሰጠኋት። እናቴ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ወንድሜ ራሱ ሊያነብላት ግድ ሆነ። አነበበላት፤ «የኋላ ፍሬን ዘንግ መያዣ የለም» ይላል። እሷም ሰምታ ትንሽ ቆየችና ቦንዳውን ያሰረችበትን ላስቲክ መፍታት ጀመረች። በዚያ ሰዓት የተከፈተ መለዋወጫ ቤት አልነበረም።

ሰኞ ባቲ አልሄዱም። እውነቱን ለመናገር ቤታችን ውስጥ ደስ የሚል ቀን አልነበረም። እናቴ ለዚያ ገበያ ሽርጥ በዱቤ አምጥታ ነበር። ከሚሴ ላይ ለመሸጥ ሞከረች፤ የሸጠችው ግን ጥቂት ነው። ቀኑን ሙሉ እኔንም እሱንም ብዙ አላናገረችንም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሩን ባልጻፍኩ ኖሮ ብዬ አስቤ ነበር። ያቺ ሽቦ እኮ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ አትበልጥም!

ወንድሜ ሰኞ ጠዋት መለዋወጫ ቤት ሲከፈት ገዝቶ ገጠማት። ጫፎቿን በፒንሳ ቆለመማቸው። ከዚያ ሳልጠይቀው ሌላ ቀጭን ሽቦ አምጥቶ፣ ልክ በቪዲዮው እንዳየናቸው ሰዎች፣ በላይዋ ላይ ዙሪያውን አሰረባት። የፍሬን ዳዶዋንም ጨምሮ አሰራት። ማታ ደብተሩን ስከፍተው እኔ ከጻፍኩት ስር በእሱ ጽሑፍ «ተገጠመ» ተብሎ ተጽፏል፤ ፊርማም አለው። በሚቀጥለው እሁድ ባትሪውን ራሱ አምጥቶ ሰጠኝ።