መርከቡ ማንን ይጠብቃል?

ቤተሰቡን ይዞ ከሚያሚ በሚነሳ የሽርሽር መርከብ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የሚጓዝ ሰው፣ ትኬቱን በቆረጠ ጊዜ ዋናውን ወጪ የጨረሰ ይመስለዋል። ይሁንና ሌላ ገበያ የሚጠብቀው መርከቡ ወደብ ሲይዝ ነው። በየደሴቱ በሚገኙት ጥቂት ሰዓታት ልጆቹን የት ወስዶ ምን እንደሚያሳያቸው መምረጥ አለበት። ሻጮቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ራሱ የመርከቡ ኩባንያ ሲሆን ሁለተኛው የአገሬው አስጎብኚና ባለታክሲ ነው። ተመሳሳይ ጉብኝት ከመርከቡ ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል። ልዩነቱ የምን ዋጋ ነው?

ከፊሉ ትርፍ ነው። በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ የሚታወቁት ካርኒቫል፣ ሮያል ካሪቢያንና ኖርዌጂያን በሒሳብ ሪፖርታቸው የትኬት ገቢን ለብቻ፣ በመርከብ ላይና ከመርከብ ውጪ ከሚሸጡት አገልግሎት የሚያገኙትን ደግሞ ለብቻ ያስቀምጣሉ። የወደብ ጉብኝት የሚገባው ከሁለተኛው ነው። ጎብኚውን ይዞ የሚዞረው ብዙውን ጊዜ የደሴቱ አስጎብኚ ሲሆን፣ ኩባንያው እንደ ደላላ የራሱን ድርሻ ይጨምርበታል።

ቀሪው ግን የመድን አረቦን ነው ማለት ይቻላል። የኩባንያውን ጉብኝት የገዛ ተሳፋሪ መኪና ተበላሽቶበት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ ካልጠበቀውም ኩባንያው ወደሚቀጥለው ወደብ ያደርሰዋል። በግሉ የወጣ ግን ከዘገየ መርከቡ ጥሎት ይሄዳል። የሆቴሉም ሆነ የአውሮፕላኑ ወጪ የራሱ ነው። አምስት ሆኖ ለሚጓዝ ቤተሰብ ይህ የጉዞውን በጀት የሚያናጋ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ አረቦኑን መክፈል የሚያዋጣው አደጋው ባለበት ወደብ ነው። የሜክሲኮዋን የኮዙሜል ደሴት መመልከት ይጠቅማል። ከዚያ ተነስቶ የቱሉምን የማያ ፍርስራሽ ለማየት በጀልባ 45 ደቂቃ ያህል ወደ ፕላያ ዴል ካርመን መሻገር፣ ከዚያም 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና መሄድ ያስፈልጋል። መመለሻውም ያው ነው። አንድ ጀልባ ቢያመልጥ ቀኑ ይበላሻልና እዚህ ላይ ከኩባንያው መግዛቱ ይመረጣል።

በአንፃሩ እዚያው ደሴት ላይ ወዳለ የባሕር ዳርቻ ለመሄድ ኮንትራት ታክሲ ይበቃል። የኮዙሜል ታክሲ የሚያስከፍለው በመኪና እንጂ በሰው አይደለም። ለስሌት ያህል የመርከቡ ጉብኝት በነፍስ ወከፍ 50 ዶላር፣ ታክሲው ደርሶ መልስ 40 ዶላር ቢሆን፣ አራት ሰው 200 ዶላር ከሚከፍል በ40 ዶላር ይሄዳል። የዳርቻው መግቢያ ቢጨመር እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በሴንት ቶማስ ግን ታክሲ የሚያስከፍለው በነፍስ ወከፍ በመሆኑ፣ ወደ ማጌንስ ቤይ የሚሄድ ቤተሰብ ስሌቱን እንደገና መሥራት ይኖርበታል።

ኩባንያዎቹ በራሳቸው ባዘጋጁት ዳርቻ ደግሞ አረቦን የሚባል ነገር አያስፈልግም። ሮያል ካሪቢያን በ2019 (እ.ኤ.አ.) አድሶ የከፈተው ኮኮኬይና ካርኒቫል በ2025 የከፈተው ሴሌብሬሽን ኪይ ሁለቱም በባሃማስ ናቸው። መርከቡ እዚያው ስለሚቆም የመዘግየት ሥጋት የለም። ነፃውን ዳርቻ ለሚመርጥ ቤተሰብ ምንም ሳይገዛ መዋል ይቻላል።

ሰዓትም ያታልላል። ኮዙሜል፣ ጃማይካና ግራንድ ካይማን በበጋ ሰዓታቸውን አይቀይሩም፤ ፍሎሪዳ ትቀይራለች። መርከቡ የሚያሚን ሰዓት ይዞ ከሄደ፣ የእጅ ስልክ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲል በመርከቡ 10 ሰዓት ነው። በግራንድ ካይማን ደግሞ መርከቡ ከባሕር ላይ ስለሚቆም መንገደኛው በትንንሽ ጀልባ ይመላለሳል። በ2025 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የመርከብ ማረፊያ የመሥራቱ ሐሳብ ውድቅ ሆኗል። ስለሆነም መጠየቅ ያለበት የመርከቡ መነሻ ሳይሆን የመጨረሻው ጀልባ ሰዓት ነው።

ልጆች ያሉት ገዢ ከመክፈሉ በፊት የዕድሜና የቁመት ገደቡን ይጠይቅ። በአየር ጠባይ ምክንያት መርከቡ ወደቡን ቢዘለው ኩባንያው የሸጠውን ጉብኝት ገንዘብ ይመልሳል፤ ከግል አስጎብኚ ጋር ግን ይህ በውሉ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። የአሜሪካ ዜጋ ተነስቶ ወደዚያው በሚመለስ መርከብ በልደት የምስክር ወረቀትና በመታወቂያ ሊሳፈር ቢችልም፣ መርከብ ካመለጠው በአውሮፕላን ለመመለስ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘም የየደሴቱን የቪዛ ደንብ አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።

ባጭሩ፣ ከሩቅ የሚያስመልሰውን ጉብኝት ከመርከቡ፣ በቅርብ ያለውን ከታክሲው መግዛት ነው። በግሉ የሚወጣም ለመመለሻው ቢያንስ 2 ሰዓት ትርፍ ጊዜ ቢይዝ ይጠቀማል።