መስኮት ማጽዳት፦ የፈጠነ እጅ ብቻ ኪስ አይሞላም

እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዟ ብላክፑል ከተማ ቴሪ በሮውስ የተባለ ባለሙያ ሦስት የቢሮ መስኮቶችን በ9.14 ሰከንድ አጽድቶ ጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ላይ ሰፈረ። የእያንዳንዱ መስኮት ወርድም ቁመትም 114 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። የመስኮት አጽጂ ኑሮ ግን በመድረክ ላይ በሚያዝ ሰዓት አይለካም። በብሪታንያ በግሉ የሚሠራ አጽጂ ቋሚ ደንበኞቹን በየ4 ወይም በየ8 ሳምንቱ እየዞረ ያዳርሳል፤ ይህን የደንበኞች ስብስብ «ዙር» ይሉታል። ሥራው ትልቅ መነሻ ካፒታልም ሆነ ዲፕሎማ ስለማይጠይቅ፣ በሰዓት ደመወዝ የተሰላቹ ወገኖቻችንም ሊያስቡበት የሚችሉት ነው። ከማሰብ በፊት ግን በሙያው ዙሪያ የሚወሩትን ነገሮች ማጥራት ይበጃል።

ተረት 1፦ እጁ የፈጠነ ብዙ ያገኛል

እውነታ፦ እስቲ እናስላው። አንድ ሰው በቀን 6 ሰዓት ይሠራል፣ አንድ ቤት ለማጽዳት 20 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ በቤት 15 ፓውንድ ያስከፍላል እንበል። ደንበኞቹ የተበታተኑ ስለሆኑ ለመንዳት፣ መኪና ለማቆምና ዕቃ ለማውረድ በየቤቱ ሌላ 20 ደቂቃ ይሄድበታል። ስለዚህ በቀን የሚደርሰው 9 ቤት፣ የሚያገኘውም 135 ፓውንድ ነው። ይህ ሰው ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ፈጥኖ ጽዳቱን በ15 ደቂቃ ቢጨርስ 10 ቤት ይደርሳል፤ ገቢውም 150 ፓውንድ ይሆናል። እንደ ድሮው በ20 ደቂቃ እየሠራ፣ ነገር ግን ደንበኞቹ ጎን ለጎን ሆነውለት በቤትና በቤት መካከል የሚያጠፋው 3 ደቂቃ ብቻ ቢሆንስ? 15 ቤት ጨርሶ 225 ፓውንድ ይዞ ይገባል። እጁን በማፍጠኑ የጨመረው አንድ ቤት ነው፤ ዙሩን በመሰብሰቡ ግን ስድስት።

ስለዚህ ብልህ አጽጂ አንድ ቤት እንደጨረሰ የግራና የቀኙን ጎረቤት በር ያንኳኳል፤ በራሪ ወረቀትም የሚበትነው ደንበኛ ባለበት መንገድ ላይ ነው። ራቅ ያለውን ደንበኛ ወይ የመንገዱን ዋጋ ጨምሮ ያስከፍላል፣ ወይ ለዚያ ሰፈር አጽጂ አስተላልፎ በምትኩ የቅርብ ደንበኛ ይቀበላል። የጓሮ በር ተቆልፎ እንዳይመለስ ዋዜማውን አጭር መልእክት ይልካል። ማታ ማታ በየቤቱ እየዞሩ ሂሳብ መሰብሰብም በባንክ ዝውውር ሲተካ የምሽቱ ጊዜ ይተርፋል።

ተረት 2፦ ለመስታወት ከጋዜጣና ከአቼቶ የሚተካከል የለም

እውነታ፦ በቤታችን የለመድነው ዘዴ ለአንድ መስኮት አያሳፍርም፤ በቀን መቶ መስታወት ለሚነካ ሰው ግን ትከሻ ያዝላል። በጋዜጣ ሲታሽ ቆሻሻው ከቦታ ቦታ ይዞራል፣ ቀለሙም ነጭ የመስኮት ፍሬም ሊያቆሽሽ ይችላል። አቼቶ አሲድ ስለሆነ ጠጥሮ የቀረ የኖራ እድፍን በማሟሟት ይረዳል፤ ለተራ አቧራ ግን አያስፈልግም።

ባለሙያው የሚይዘው ስኩዊጂ የሚባለውን ባለጎማ መጥረጊያ ነው። ካሊፎርኒያ ይኖር የነበረው ጣሊያናዊ ስደተኛ ኤቶሬ ስቴኮኒ እ.ኤ.አ. በ1936 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት፣ ነጠላ ጎማ የተገጠመለት ቀላል የነሐስ መጥረጊያ፣ ብሎን የበዛበትን ከባድ የብረት መጥረጊያ ተካ፤ ቅርጹ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። ጎማው ውሃውንና በውስጡ የሟሟውን ቆሻሻ በአንድ ስበት ጠርጎ ያወርዳል። አንድ ባልዲ ውሃ የሚፈልገው ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ነው፤ ሥራውም ቅባት ማላቀቅና ጎማው እንዲንሸራተት ማድረግ ነው። ሲበዛ መስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን ይተዋል። መስመር መስመር እየሠራ ካስቸገረ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የጎማው ጠርዝ ነው፤ ከደነዘ ተገልብጦ በሌላው ጠርዝ ይሠራበታል፣ ያም ሲያልቅ ይቀየራል። ቀጥተኛ ፀሐይም ውሃውን ጎማው ሳይደርስበት ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ጠዋት የምዕራቡን፣ ከሰዓት የምሥራቁን ወገን ማስቀደም ነው።

ተረት 3፦ ሳይጠረግ የደረቀ ውሃ ነጠብጣብ ሳይተው አይቀርም

እውነታ፦ ነጠብጣቡን የሚተወው በውሃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን ነው። የለንደን ውሃ በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ካለበት ምድር የሚመጣ ስለሆነ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ሲደርቅ ነጭ እድፍ ይቀራል። በብዙ የስኮትላንድ አካባቢዎች ደግሞ ውሃው ለስላሳ ነው። የዛሬው አጽጂ ውሃውን ከማዕድን አጣርቶ ይጠቀማል፦ መጀመሪያ በግፊት በስስ ማጣሪያ ያሳልፈዋል፣ ቀጥሎ የተረፈውን ማዕድን በሚውጥ፣ ሬዚን በሚባል ቁስ ይጨርሰዋል። አነስተኛ መለኪያ ውሃው ውስጥ ሲነከር ዜሮ ካሳየ ውሃው ለሥራ ዝግጁ ነው።

ይህ ውሃ ጫፉ ላይ ብሩሽ ባለው ረጅም ዘንግ በኩል ይወጣል፤ ሠራተኛው መሬት ላይ ቆሞ ፎቅ ያጥባል፣ ጨርቅም አያስፈልገውም። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ከላይኛው ፍሬም ካልተጀመረ ከዚያ የሚወርደው ቆሻሻ የጸዳውን መስታወት መልሶ ያበላሻል። የዓመታት አቧራ የያዘ ቤት በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ መታጠብ ሊያስፈልገው ይችላል፤ የመጀመሪያው ጽዳት ከተለመደው በላይ የሚያስከፍለውም ለዚህ ነው።

ተረት 4፦ በዝናብ ቀን መስኮት ማጽዳት ከንቱ ድካም ነው

እውነታ፦ ዝናብ ብቻውን መስታወት አያቆሽሽም። ቀድሞ የነበረ አቧራ ከዝናቡ ጋር ተለውሶ ሲደርቅ ነው ነጠብጣብ የሚታየው፤ በንጹሕ መስታወት ላይ የወረደ ጠብታ የሚተወው ምልክት አይጎላም። በብሪታንያ ደመና በታየ ቁጥር ቤት የሚቀመጥ አጽጂ ዙሩ ተዛብቶበት ደንበኛው ሌላ ይፈልጋል። የሚያስቆመው ኃይለኛ ነፋስ፣ መብረቅና መሬት የሚያንሸራትት ውርጭ ነው።

ተረት 5፦ መሰላል ፈጣን ነው፤ ወይም ጭራሽ ተከልክሏል

እውነታ፦ ሁለቱም ልክ አይደሉም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የከፍታ ሥራ ደንብ፣ በግሉ ለሚሠራውም ጭምር፣ መጀመሪያ ከፍታን ማስቀረት የሚቻል ከሆነ አስቀር ይላል። መሰላል የሚፈቀደው አደጋው ዝቅተኛ ለሆነ አጭር ሥራ ነው፤ የመንግሥት የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መመሪያ በአንድ ቦታ ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥና ለ4 ሜትር ከፍታ የመሰላሉ እግር ከግድግዳው 1 ሜትር እንዲርቅ ይመክራል። በየመስኮቱ መሰላል ማዛወር፣ መውጣትና መውረድ ሲደማመር ከዘንጉ ይልቅ ጊዜ ይበላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ከመሰላል የወደቀ ግን የሚለቅመው የለም፣ በግሉ የሚሠራ ሰው የተኛበትን ቀን የሚከፍልለት አሠሪ የለውምና።

ተረት 6፦ ዋጋ የቀነሰ ደንበኛ ያፍሳል

እውነታ፦ በርካሽ የመጣ ደንበኛ ከዚያ የረከሰ ሲያገኝ ይሄዳል። ከዚህ የባሰው ስሕተት ግን ዋጋን በሰዓት መናገር ነው። በሰዓት የሚያስከፍል ሰው በፈጠነ ቁጥር ከአንድ ቤት የሚያገኘው ይቀንሳል፤ ችሎታው ራሱን ይቀጣዋል። ስለዚህ ዋጋ የሚነገረው በቤት ነው፤ የመስኮቱ ብዛት፣ መግቢያው፣ የጽዳቱ ድግግሞሽ ታይቶ። አነስተኛ የክፍያ ወለል ማስቀመጥም ግድ ነው፤ ሁለት መስኮት ብቻ ላለው ቤትም መኪናው ይቆማል፣ ዕቃው ይወርዳል።

ተረት 7፦ ጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ለመንግሥት ማሳወቅ አያስፈልግም

እውነታ፦ በአንድ የግብር ዓመት ከ1,000 ፓውንድ በላይ ከግል ሥራ ያስገባ ሰው በግብር መሥሪያ ቤቱ መመዝገብ አለበት። የግብር ዓመቱ ኤፕሪል 5 ይዘጋል፣ የምዝገባው ቀነ ገደብ ኦክቶበር 5፣ በኢንተርኔት የሚቀርበው የግብር ማሳወቂያና ክፍያው ደግሞ ጃንዋሪ 31 ነው። ግብሩ የሚሰላው በትርፍ ላይ ስለሆነ የዘንግ፣ የሬዚን፣ የመድንና የሥራ ነዳጅ ደረሰኝ የጠፋበት ሰው ገንዘቡ ጠፋበት ማለት ነው። የተመዘገበ ገቢ ቤት ለመከራየትም ለባንክ ብድርም ማስረጃ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ዙር ራሱ ይሸጣል፤ ገዢው የሚከፍለው ደግሞ በመዝገብ ላይ ላየው ገቢና ለተቀራረቡ ደንበኞች ነው።

ፈቃድን በተመለከተ እንግሊዝ ውስጥ የመስኮት አጽጂ ልዩ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ስኮትላንድ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው ሕግ መሠረት ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ማውጣት ሊያስፈልግ ስለሚችል ቀድሞ መጠየቅ ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ በግሉ መሥራት አይፈቀድለትም።

ገቢውን ማሳደግ የሚፈልግ አጽጂ አዲስ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ለአንድ ሳምንት ሦስት ቁጥሮች ይመዝግብ፦ ሲያጸዳ የዋለውን፣ ሲነዳ የዋለውን፣ ገንዘቡንና በር ከፋቹን ሲያሳድድ የዋለውን ጊዜ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተደምረው ከመጀመሪያው ከበለጡ የሚያስፈልገው ካርታ ላይ ተቀምጦ ዙሩን እንደገና ማደራጀት ነው። የመጀመሪያው ከበለጠ ደግሞ ያኔ ጎማውንና ዘንጉን ይመልከት።