ዛፍ የጋረደው ዲሽ፦ ዛፉ ይቆረጥ፣ ዲሹ ይዛወር ወይስ በኢንተርኔት መስመር ይተካ?

ባሕር ዳር፦ የካቲት 26/2017 ዓ.ም

በጓሮው ዳር የተከለው ባሕር ዛፍ ከጣሪያው በላይ ባደገ ቁጥር የቴሌቪዥኑ ምስል እየተቆራረጠ ያስቸገረው አባወራ ብዙ ጊዜ ሁለት ምክር ይሰጠዋል። አንዱ "ዛፉን ቁረጠው" ይለዋል፤ ሌላው "ዲሹን በትልቅ ቀይረው" ይለዋል። በከተማ ደግሞ "ዲሹን ተወውና በኢንተርኔት ተመልከት" የሚል ሦስተኛ ምክር ተጨምሯል። ሦስቱም ወጪ አላቸው። በተለይ ለአጠናና ለግንድ ሽያጭ የተያዘን ዛፍ ጊዜው ሳይደርስ መጣል ጉዳቱ ከዲሹ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በብዙ ግቢዎች ግን ከሦስቱ አንዱም አያስፈልግም፤ ዲሹን በጥቂት ሜትሮች ማዛወር ይበቃል። ወዴትና በስንት ሜትር እንደሚዛወር ለመወሰን ሳተላይቷ በየትኛው የሰማይ ክፍል እንዳለች ማወቅ ያስፈልጋል።

ኢትዮሳት በሚል ስያሜ የሚታወቁት የኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚሠራጩት ኤን ኤስ ኤስ-12 በተባለች ሳተላይት ነው። ሳተላይቷ በጥቅምት 2002 ዓ.ም ወደ ሕዋ የመጠቀች ሲኾን፣ ከምድር ወገብ በላይ 35 ሺህ 786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ትገኛለች። ከሥሯ ያለው የሕንድ ውቅያኖስ ነው። ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር ከእኛ አንጻር አንድ ቦታ ላይ የቆመች ያህል ናት፤ ዲሹ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላ ሳይነካ ለዓመታት የሚያገለግለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በባሕር ዳር ላለ ሰው ሳተላይቷ ያለችው ከምሥራቅ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ዘንበል ባለ አቅጣጫ፣ ከአድማስ ደግሞ 63 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ነው። በጎንደር ከዚህ ጥቂት ዝቅ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደሴና በደብረ ብርሃን ጥቂት ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ግን ከአራት ዲግሪ አይበልጥም። ልክ አናት ላይ ያለ ነገር 90 ዲግሪ ላይ ነው ቢባል፣ 63 ዲግሪ ማለት አንገትን በደንብ ቀና አድርጎ የሚታይ ከፍታ ነው። ስለዚህ በሩቅ ያለ ዛፍ፣ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ጥፋተኛ ሊኾን አይችልም።

ዓይን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በየጣሪያው የሚታዩት አብዛኞቹ ትናንሽ ዲሾች ሞገዱን የሚቀበሉት ፊታቸው በሚያይበት ቀጥታ መስመር አይደለም። ኤል ኤን ቢው ከመሐል ሳይኾን ከታች በኩል በወጣ ክንድ ላይ ስለሚታሰር፣ ዲሹ በትክክል የሚያነጣጥረው ፊቱ ከሚያመለክተው ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ነው። ባለቤቱ ከዲሹ ኋላ ቆሞ ሲመለከት ፊት ለፊት ያለውን ዛፍ ያያል፤ ሞገዱ ግን ከዛፉ ጫፍ በላይ አልፎ ይመጣ ይኾናል። በዚህ ስሕተት ያለበደላቸው የተቆረጡ ዛፎች ጥቂት አይመስሉም።

ትክክለኛው ስሌት ቀላል ነው። ለኢትዮሳት ዲሽ የሚያስፈልገው ርቀት ዛፉ ዲሹን በበለጠበት ቁመት ግማሽ ነው። ዲሹ ከመሬት 4 ሜትር ከፍታ ባለው ጣሪያ ላይ ቢኾንና ባሕር ዛፉ 24 ሜትር ቢረዝም፣ ዛፉ ዲሹን በ20 ሜትር ይበልጠዋል፤ ስለዚህ በመካከላቸው 10 ሜትር ሊኖር ይገባል ማለት ነው። ርቀቱ የሚለካው ከግንዱ ሳይኾን ወደ ዲሹ ከዘረጋው የመጨረሻ ቅርንጫፍ ነው። ነፋስ ስለሚያወዛውዘውና ዛፉም ገና ስለሚያድግ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ጨምሮ መያዝ ይበጃል። የዛፉን ቁመት ለማወቅ መውጣት አያስፈልግም፤ የአንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጎ አቁሞ የዱላውንና የዛፉን ጥላ በአንድ ሰዓት መለካት ነው። የዱላው ጥላ ግማሽ ሜትር ኾኖ የዛፉ ጥላ 12 ሜትር ከኾነ፣ የዛፉ ቁመት 24 ሜትር ነው።

ስሌት ለማይወድ ሰው ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ራሷ መልሱን ትሰጣለች። በመጋቢት 6 አካባቢ ባሉት ጥቂት ቀናት፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ከሩብ ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ ከክልሉ ከተሞች ሲታይ በትክክል ከሳተላይቷ ኋላ ታልፋለች። በመስከረም 18 አካባቢም እንዲሁ ይኾናል፤ ሰዓቱ ግን ወደ 5 ሰዓት 10 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ነው። በእነዚህ ደቂቃዎች ዲሹ ያለበት ወይም ሊዛወርበት የታሰበው ቦታ ሙሉ ፀሐይ ካገኘ መስመሩ ክፍት ነው። የዛፍ ጥላ ካረፈበት ተጋርዷል። ወደ ፀሐይ ቀና ብሎ ማየት ዓይንን ስለሚጎዳ መታየት ያለበት መሬት ላይ ያረፈው ጥላ ብቻ ነው። ግቢውን እየዞሩ ጥላ የሌለበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ በሚመች ቀን ዲሹን ወደዚያ መውሰድ ይቻላል። በነዚሁ ቀናት ምስሉ ለጥቂት ደቂቃዎች ቢጠፋ ባለሙያ መጥራት አያሻም፤ የፀሐይ ሞገድ የሳተላይቷን ስለሚውጠው የሚኾን ነው፣ በራሱ ይመለሳል።

ቅጠል ይህን ያህል የሚያስቸግረው ሞገዱ እጅግ አጭር ስለኾነ ነው። ዲሽ የሚቀበለው ሞገድ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከቅጠልና ከጭራሮ ጋር የሚቀራረብ መጠን ስላለው ይበተናል። በቅጠሉ ውስጥ ያለውና በላዩ ያረፈው ውኃ ደግሞ ይውጠዋል። ዛፍ በረገፈበት ወቅት የሠራ ዲሽ ቅጠል ሲያወጣ የሚጠፋው፣ በበጋ ደህና የነበረው በክረምት የሚታወከው ለዚህ ነው። ጥቅጥቅ ያለ አንድ ዛፍ የሞገዱን ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ በታች ሊያወርደው ይችላል።

ትልቅ ዲሽ መፍትሔ የማይኾነውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከ60 ሴንቲ ሜትር ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ መቀየር የሚሰበሰበውን ሞገድ ወደ ሁለት እጥፍ ከሩብ ያሳድገዋል። ይህ ለዝናብ ይረዳል፤ አሥር እጥፍ ለቀነሰ ሞገድ ግን አይደርስለትም። ገበያ ላይ "ዛፍ የሚያሳልፍ" እየተባለ የሚሸጥ ኤል ኤን ቢም ቢኾን ያልደረሰውን ሞገድ ሊፈጥር አይችልም። ዲሹን በረጅም ብረት ላይ መስቀልም ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ከርቀቱ የሚያተርፈው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው፣ ብረቱ ደግሞ በነፋስ ይወዛወዛል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጥፋቱ የዛፉ መኾኑን ማረጋገጥ ይቀድማል። በሪሲቨሩ ላይ የሲግናል ኃይልና ጥራት የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች አሉ። መታየት ያለበት ጥራቱ ነው፤ ኃይሉ ምንም ሞገድ ሳይገባ እንኳ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ጥራቱ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ከፍ ዝቅ ካለ ዛፉ ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል የሰፈሩ ሁሉ ጠፍቶ ሲያባራ ከተመለሰ ዝናቡ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላም ለሰዓታት ካልተመለሰ ውኃ በገመዱ መጋጠሚያ ገብቶ ሊኾን ይችላል፤ መጋጠሚያውን ፈትቶ ማድረቅ፣ የዛገውን መቀየርና በፕላስተር መጠቅለል ያስፈልጋል። ነፋስም ዝናብም ሳይኖር ቀስ በቀስ የጠፋ ዲሽ ደግሞ ብሎኑ ላልቶ ከአቅጣጫው የዞረ ሊኾን ስለሚችል በፋይንደር ማየት ይገባል።

"የጎረቤቴ ይሠራል" የሚለው ማስረጃም ጎረቤት የትኛውን ሳተላይት እንደሚከታተል ሳይታወቅ አያገለግልም። ከኢትዮሳት በፊት ብዙ ቤቶች ዲሻቸውን ወደ ናይልሳት አዙረው ነበር፤ ዛሬም ያልቀየሩ አሉ። ናይልሳት ያለው በተቃራኒው፣ በምዕራብ በኩል ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ብሎ ነው። ከባሕር ዳር ሲታይ ከአድማስ ያለው ከፍታ 37 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ለዚህ ዲሽ ዛፉ በ20 ሜትር ቢበልጠው የሚያስፈልገው ርቀት 10 ሳይኾን 26 ሜትር ነው። ለናይልሳት የማይመች ግቢ ለኢትዮሳት ፍጹም የሚመች ሊኾን ይችላል ማለት ነው፤ ጋራጁም ዛፍ ሌላ ነው።

ዲሹ ሲዛወር በጣሪያ ላይ ካልኾነ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። የሳተላይቷ ከፍታ ትልቅ ስለኾነ ክፍት ቦታ ካለ መሬት ላይ በሲሚንቶ የተተከለ አጭር ብረትም ይበቃል፤ ከብት እንዳይገፋው ግን ማጠር ነው። ዛፉ በዲሹ ደቡብ ምሥራቅ ከቆመ ዲሹን ወደ ሰሜን ምዕራብ ማራቅ፣ ወይም ዛፉን አልፎ በወዲያኛው በኩል መትከል ይቻላል። ጥሩ የዲሽ ገመድ እስከ 30 ሜትር ድረስ ብዙ አያስቸግርም። ከ50 ሜትር በላይ ሲኾን ግን ሞገዱ በገመዱ ውስጥ ስለሚደክም ማጉያ ያስፈልጋል። ገመዱ በመሐል ባይቀጠል ይመረጣል።

የኢንተርኔት መስመር የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። በሌሎች አገሮች ዛፍ የጋረደው ሰው ወደ ኬብል ቴሌቪዥን ይዞራል፤ በእኛ ከተሞች ለዚህ የሚቀርበው በፋይበር የሚገባ የቤት ኢንተርኔት ነው። ዛፍም ዝናብም አያውከውም። ፎቅ ለተጋፋበት፣ ዲሽ የሚያቆምበት ቦታ ለሌለው የከተማ ነዋሪ፣ በተለይም ለሌላ ሥራ ኢንተርኔት ለሚፈልግ ቤተሰብ ተገቢ ምርጫ ነው። ለቴሌቪዥን ብቻ ሲባል ማስገባት ግን ውድ መንገድ ነው። የዲሽና የሪሲቨር ወጪ አንድ ጊዜ ነው፤ የኢንተርኔት ክፍያ በየወሩ ይመጣል። በሞባይል ዳታ መመልከት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ጥራት ያለው ምስል በሰዓት 2 ጊጋ ባይት ያህል ይበላል። መስመሩ ላልደረሰበት የገጠር ቀበሌ ምርጫው በተግባር ዲሹ ነው፤ ለማሠራጫ ጣቢያ ቅርብ የኾነ ቤት በተራ አንቴና መሞከርም ይችላል፣ የአንቴና ሞገድ ረጅም ስለኾነ ዛፍን በተሻለ ያልፋል፤ የሚገኙት ጣቢያዎች ግን ጥቂት ናቸው።

ዲሹን የሚያዛውሩበት ቦታ ከጠፋም ግንዱን መጣል የመጨረሻው እርምጃ ነው። ሞገዱ የሚመጣበት መስመር ስፋቱ ከዲሹ ብዙም ስለማይበልጥ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ማንሳት ሊበቃ ይችላል። ዛፉ የጎረቤት ከኾነ ቅርንጫፉን ከመንካት በፊት ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ከኾነ ደግሞ በራስ አለመሞከር ይገባል። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ፣ በተመቸው መሬት በዓመት ከሁለት ሜትር በላይ እንደሚያድግም አርሶ አደሩ ያውቀዋል፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ያው ችግር ይመለሳል። በመጪው ክረምት ችግኝ ለመትከል ያሰበ ሰው ከዲሹ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለውን 15 ሜትር ያህል ለጌሾ፣ ለብርቱካን ወይም ለሌላ አጭር ተክል ቢተወው፣ ባሕር ዛፉን በቀሪዎቹ አቅጣጫዎች እንደልቡ ሊተክል ይችላል።