ከመቂ እስከ ጽኑ ሕሙማን አልጋ

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴር ዕለታዊ መግለጫ ሲወጣ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ሁለት ቁጥር ነበር፤ ዛሬ ስንት ተያዘ፣ ስንት ሞተ። በመካከሉ «በጽኑ ሕክምና ላይ ያሉ» የሚል መስመር ነበረ፤ ብዙዎቻችን አልፈነው እንሄድ ነበር። ወረርሽኙ ስለ ሕክምና ካስተማረን ነገር ትልቁ የተደበቀው ግን እዚያ መስመር ውስጥ ይመስለኛል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ ሰዎች ምን ደረሰባቸው? የዳኑት በምን ዳኑ? እንደ መቂ ካለች የክልል ከተማ ለሚመጣ ሕመምተኛ ደግሞ መልሱ ከአዲስ አበባው ሰው ይለያል ወይ?

በየሰፈሩ የሚሰማው መልስ አጭር ነበር፤ «አይሲዩ የገባ አይወጣም»፤ አይሲዩ የሚሉት የጽኑ ሕሙማን ክፍሉን ነው። ይህ ፍርሃት ሰውን ቤቱ አስቀርቷል። መነሻው ሁሉ የመንደር ወሬ አልነበረም፤ ከፊሉ ከሳይንስ መጽሔት የወጣ ቁጥር ነው። ሚያዝያ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጃማ የተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት በኒውዮርክ አካባቢ በ12 ሆስፒታሎች ተኝተው ስለታከሙ 5,700 የኮሮና ሕሙማን ጥናት አወጣ። የዜና አውታሮች ከውስጡ አንዲት ቁጥር መዘው ዓለምን አዳረሱባት፤ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ መሣሪያ) ከተገጠመላቸው 88 በመቶው ሞተዋል የምትለዋን። ጥናቱን ገልጦ ላነበበ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። መሣሪያው የተገጠመላቸው 1,151 ሰዎች ነበሩ። መረጃው በተዘጋበት ቀን 282ቱ ሞተዋል፣ 38ቱ ድነው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፣ የቀሩት 831 ገና አልጋ ላይ ናቸው። 88 በመቶ የሚለው ስሌት የወጣው እነዚያን 831 ሰዎች ከቁጥር አውጥቶ ነው። ጽሑፉ ብዙም ሳይቆይ ታርሟል፤ እርማቱን የሰማው ግን ጥቂት ሰው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ስለ ጽኑ ሕክምና የሚነገር ማንኛውም ቁጥር የሚያሳስተው በዚሁ መንገድ ስለሆነ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሞት ሰው ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይሞታል። የሚድነው ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወር በላይ ይተኛል። ወረርሽኙ በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚደረግ ቆጠራ የሞቱትን በሙሉ ይይዛል፤ ገና የሚድኑትን አይደርስባቸውም። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን የደመረ አንድ ትንታኔ እንዳሳየው፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 መጨረሻ በጽኑ ሕክምና ከገቡ 10 የኮሮና ሕሙማን ወደ 6 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በግንቦት መጨረሻ ግን ቁጥሩ ወደ 4 ወርዷል። በሁለት ወር ውስጥ ቫይረሱ አልለዘበም፤ ከፊሉ ልዩነት የቆጠራው ቢሆንም ሐኪሞችና ነርሶች ተምረዋል።

ምን ተማሩ የሚለውን ለመረዳት ሳንባ ውስጥ የሚሆነውን ማየት ይበጃል። የሳንባ ጥቃቅን ከረጢቶች በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ኦክስጅን ወደ ደም የሚሻገረው በእነሱ ስስ ግድግዳ ነው። በጠና በታመመ ሰው ላይ ግድግዳው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ከረጢቱ ፈሳሽ ይቋጥራል። በደምበል ሐይቅ ዳር በሞተር ፓምፕ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማ የመቂ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ማሳው ውሃ ከቋጠረ ፓምፑ የቱንም ያህል ቢገፋ ሥሩ አይጠጣም። ቬንቲሌተርም አየር ይገፋል እንጂ የታመመውን ሳንባ አያድንም። ሳንባው ራሱ እስኪያገግም ድረስ ሰውየውን በሕይወት ያቆያል፤ ከመጠን በላይ ከተገፋ ደግሞ የቀሩትን ደህና ከረጢቶች ይጎዳል። ስለዚህ የሕክምናው ጥበብ በቀስታ መግፋትና በትዕግሥት መጠበቅ ነው።

ጽኑ ሕክምና የተወለደውም ከማሽን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ላይ የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲነሳ መተንፈስ ያቃታቸው ሕፃናትና ወጣቶች በብዛት ይሞቱ ነበር። ብዮርን ኢብሰን የተባለ የአኔስቴዥያ ሐኪም ጉሮሮ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ አየር በእጅ እየጨመቁ መስጠት እንደሚቻል አሳየ። 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተተካኩ፣ ቀንና ሌሊት፣ ለሳምንታት የጎማ ከረጢት ጨመቁ። ቀድሞ ከአሥሩ ወደ ዘጠኝ ይደርስ የነበረው ሞት ከግማሽ በታች ወረደ። በተከታዩ ዓመት የዘመናችን የጽኑ ሕሙማን ክፍል እዚያው ከተማ ተቋቋመ። ከሕመምተኛው አጠገብ የማይለይ ሰው የሕክምናው መሠረት ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገኝ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ተለየ፤ ክረምት ላይ የሚሊኒየም አዳራሽ ከ1,000 በላይ አልጋ ያለው የሕክምና ማዕከል ሆነ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ41 የአፍሪካ አገሮች የመንግሥት ጤና ተቋማት የነበሩት ቬንቲሌተሮች ተደምረው 2,000 አይሞሉም ነበር፤ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ደግሞ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ 5 ያህል ነበር። ያኔ ሁሉም ስለ ቬንቲሌተር ያወራ ነበር። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ሊወራለት ይገባ የነበረው ኦክስጅን ነበር እላለሁ።

ሒሳቡን እንሥራው። መቂ በሞጆና በባቱ መካከል፣ በዋናው የሐዋሳ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሪፈር የተባለ ሰው አዳማ ለመድረስ በሞጆ በኩል 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ከሆነ 130 ገደማ። አምቡላንስ ውስጥ የሚያዘው ትንሹ የኦክስጅን ሲሊንደር ሲሞላ ወደ 680 ሊትር ይይዛል። ሕመምተኛው በደቂቃ 10 ሊትር ከፈለገ 68 ደቂቃ ያቆየዋል፤ 15 ሊትር ከፈለገ 45 ደቂቃ። በመንገዱ ላይ የጭነት መኪና ሰልፍ፣ ሞጆ ላይ መጨናነቅ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ደግሞ አልጋ ጥበቃ አለ። ሲሊንደሩ ቀድሞ ካለቀ የጽኑ ሕክምናው ውጤት የተወሰነው ሆስፒታሉ ሳይደረስ ነው። ትልቁ ሲሊንደር ወደ 6,800 ሊትር ይይዛል፤ ብዙ ይመስላል። በአፍንጫ በከፍተኛ ፍጥነት ኦክስጅን የሚሰጠው መሣሪያ በደቂቃ እስከ 60 ሊትር ሲወስድ ግን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ሕሙማን ሲበዙ ሆስፒታሎች ኦክስጅን ያጠራቸው ለዚህ ነው። አንድ ሰው በቀን ከ12 በላይ ትልልቅ ሲሊንደር ሊጨርስ ይችላል።

የአፍሪካ ሕሙማን ውጤት በቁጥር የታወቀው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ብሩስ ቢካርድ የሚመራ ቡድን ኢትዮጵያን ጨምሮ በ10 አገሮች፣ በ64 ሆስፒታሎች የሠራውን ጥናት ላንሴት አሳተመው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. ከግንቦት እስከ ታኅሣሥ 2020 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። ወደ ጽኑ ሕክምና ይግቡ ተብሎ ከተጠየቀላቸው 6,779 ሕሙማን የገቡት 3,752 ብቻ ናቸው። ውጤታቸው ከታወቀ 3,077 ሰዎች ውስጥ ደግሞ በ30 ቀን 1,483ቱ ሞተዋል፤ 48.2 በመቶ ማለት ነው። የዓለም አማካይ በጊዜው 31.5 በመቶ ነበር። አብዛኞቹ ሆስፒታሎች በዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉ ትልልቅ ተቋማት መሆናቸውን ስናስብ፣ ከእነሱ ውጭ የነበረው ሁኔታ ከዚህ የከፋ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ይህን ጥናት ያነበብኩት በኀዘን ነው፤ ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን የሞቱ ምክንያቶች ዝርዝር ነው። ዕድሜ፣ ስኳር፣ የኩላሊትና የጉበት በሽታ፣ ኤች አይ ቪ አሉበት፤ እነዚህ የሚጠበቁ ናቸው። ከእነሱ ጎን የተጻፈው አልጋ ወይም መሣሪያ ስላልነበረ ዘግይቶ መግባት ነው። ይህ የሰውየው በሽታ አይደለም፤ የእኛ የሥርዓት ጉድለት ነው። ሕመምተኛውን በሆድ ማስተኛትም የተደረገው ከስድስቱ ለአንዱ ያህል ብቻ ነበር። በሆድ ሲተኛ በጀርባ በኩል የተጨፈለቁት የሳንባ ክፍሎች ይከፈታሉ፣ ደምና አየር የተሻለ ይገናኛሉ። ከኮሮና በፊት እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የፈረንሳይና የስፔን ሆስፒታሎች ጥናት ሳንባቸው በጠና ከተጎዳና ቬንቲሌተር ላይ ካሉ ሰዎች መካከል በቀን ቢያንስ 16 ሰዓት በሆድ የተኙት በ28 ቀን የሞቱት 16 በመቶ፣ በጀርባ የተኙት 32.8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። ለዚህ ውድ መሣሪያ አይጠየቅም። የሚፈልገው ቱቦው ሳይነቀል ሰውን መገልበጥ የሚችሉ አራት አምስት የሠለጠኑ እጆች ነው፤ እጥረቱም ያለው እዚያ ነው።

መድኃኒቱም ከሩቅ አልመጣም። ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ዴክሳሜታሶን ሕይወት እንደሚያድን አስታወቁ፤ በየመድኃኒት ቤቱ ያለ፣ ርካሽና አሮጌ መድኃኒት ነው። ቬንቲሌተር ላይ ባሉት ዘንድ ሞት ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ ወረደ። ኦክስጅን ላልፈለጉ ሕሙማን ግን አልጠቀመም፤ እንዲያውም ሳይጎዳቸው አልቀረም። የሳንባውን ቁጣ የሚያበርደው ቁጣው ሲበዛ ነውና፣ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ የሰውነትን መከላከያ ማዳከም ነው።

ከአይሲዩ ወጥቶ ቤቱ የገባ ሰው ቤተሰቡን ግራ ሊያጋባ ይችላል። ለሳምንታት የተኛ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ደረጃ መውጣት፣ ጀሪካን ማንሳት ያቅተዋል። ሌሊት ይቃዣል፣ ይረሳል፣ ይነጫነጫል። ይህ የመሞላቀቅ ወይም የስንፍና ምልክት ሳይሆን የታወቀ የጽኑ ሕክምና ጠባሳ ነው፤ ለወራት ይቆያል፣ በፊዚዮቴራፒና በምግብ ቀስ እያለ ይሻላል።

መቂ ላለ ቤተሰብ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን መቼ መነሳት እንዳለበት ማወቅ ነው። ኮሮና የያዘው ሰው እያወራና ስልኩን እየነካካ ኦክስጅኑ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ ትንፋሽ አጠረኝ የሚያሰኘን በዋናነት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ስለሆነና ሳንባው መጀመሪያ ላይ እሱን ማስወጣት ስለማያቅተው ነው። በጣት ላይ የሚደረገው ኦክሲሜትር ይህን ይናገራል። መቂ 1,600 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላሉ የጤነኛው ሰው ቁጥር ከባሕር ዳርቻ ነዋሪ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ በተለይ አዲስ አበባ ላይ ከ95 በታች ማየት ብቻውን አያስደነግጥም። ከ90 በታች ሲሆን ግን የኦክስጅኑ መውረድ ስለሚፋጠን ቤት ማደር የለም። ኦክሲሜትር ከሌለ ሰውየው አርፎ ተቀምጦ ሳለ ደረቱን እያዩ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ይቻላል። አዋቂ ሰው ከ30 በላይ ከተነፈሰ አምቡላንስ ይጠራ፤ ሲመጣም ከመጫኑ በፊት ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደቀረው፣ በመንገድ ላይ ተለዋጭ ይኖር እንደሆነ፣ የሚቀበለው ሆስፒታል በስልክ ተነግሮት እንደሆነ አስታማሚው ይጠይቅ።