ያውቁ ኖሯል? ዕፅዋት የታደሙበት ኮንሰርት

ሰኔ 15 ቀን 2012 ዓ.ም. የስፔኗ ባርሴሎና ታዋቂ ኦፔራ ቤት ሊሴው፣ በኮሮና ወረርሽኝ ተዘግቶ ከከረመ በኋላ ሲከፈት፣ ከምድር እስከ ላይኛው ሰገነት ያሉትን ቀያይ ወንበሮች የሞሉት ሰዎች ሳይሆኑ 2,292 ተክሎች ነበሩ። አራት የባለአውታር መሣሪያ ተጫዋቾች የጣሊያናዊውን የፑቺኒን «ክሪሳንተሚ» ተጫወቱላቸው፤ የሙዚቃው ስያሜም የአበባ ስም ነው። ሰዎች ዝግጅቱን በቀጥታ ስርጭት ተከታተሉት። የሐሳቡ አፍላቂ፣ የጥበብ ሰው ኤውሄኒዮ አምፑዲያ፣ የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ያለውን ዝምድና ዳግም እንዲያጤን ፈልጎ ነበር። ከኮንሰርቱ በኋላም ተክሎቹ ወረርሽኙን ሲፋለሙ ለነበሩ የጤና ባለሙያዎች ተበረከቱ። ተፈጥሮን ማክበርና ባለውለታን ማመስገን እንዲህ አብረው ሲሄዱ ያምራል!