የጠፈር ምሕንድስና ጥናትና የአመራር ልምድ በተግባር ሲፈተኑ

ለመመረቂያ የሚዘጋጅ የምርምር ጽሑፍ ከመደርደሪያ ወርዶ የሥራ ችግር መፍቻ ሊሆን እንደሚችል ከሚያሳዩ አብነቶች አንዱ የአሜሪካዊው ጠፈርተኛ የበዝ ኦልድሪን የትምህርትና የአገልግሎት ታሪክ ነው።

ኦልድሪን እ.ኤ.አ በ1951 ከዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ በሦስተኛ ደረጃ የተመረቁ ሲሆን፣ በኮሪያ ጦርነት 66 የውጊያ በረራዎችን ፈጽመዋል። በምዕራብ ጀርመንም የተዋጊ አውሮፕላኖች ምድብ አዛዥ በመሆን አገልግለዋል። በ1959 ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገብተው በ1963 በጠፈር በረራ ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተዋል።

የጥናታቸው ትኩረት በምህዋር ላይ የሚገኙ ሁለት መንኮራኩሮች በአብራሪው የዓይን ምልከታ እየተመሩ የሚገናኙበት ስልት ነበር። ከኋላ ያለው መንኮራኩር ወደፊት ፍጥነት ቢጨምር ምህዋሩ ከፍ ይላል፤ አንድ ዙር ለመጨረስ የሚወስድበት ጊዜም ስለሚረዝም ይበልጥ ወደኋላ ይቀራል። በመሆኑም ከፊቱ ያለውን ለመድረስ በቅድሚያ ዝቅ ባለ ምህዋር መጓዝ ይኖርበታል።

ይህ ዕውቀት የተፈተነው በኖቬምበር 1966 በተካሄደው የጀሚኒ 12 በረራ ነው። መንኮራኩሯ አጄና ወደተባለችው ዒላማ በመቅረብ ላይ ሳለች ራዳሩ አገልግሎት መስጠት አቆመ። ኦልድሪን በማዕዘን መለኪያ መሣሪያና አስቀድሞ በተዘጋጁ ሰንጠረዦች እየታገዙ ስሌቱን በመሥራት ለበረራው አዛዥ ለጄምስ ላቭል አቀረቡ፤ ግንኙነቱም በስኬት ተከናወነ።

ኦልድሪን በ1969 በአፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ካረፉ በኋላ፣ በ1971 የአየር ኃይሉን የሙከራ አብራሪዎች ትምህርት ቤት በኃላፊነት እንዲመሩ ተመድበዋል።

ሠራተኞቻቸውን ለከፍተኛ ትምህርት የሚልኩ መሥሪያ ቤቶች ከዚህ የሚቀስሙት ቁም ነገር፣ የጥናቱ ርዕስ ከሥራው ችግር ሲመነጭ ውጤቱም ወደ ሥራው እንደሚመለስ ነው።